ለሕፃናት ምጥን ዱቄት የአፍላቶክሲን ስትሪፕ ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንደተረዳሁት ከበቆሎ፣ ከአጃ፣ ከሽምብራና ከለውዝ የሕፃናት ምጥን ዱቄት እያዘጋጀሽ ትሸጫለሽ። አንድ ሱፐርማርኬት የአፍላቶክሲን (ሻጋታ እህል ላይ የሚያመነጨው መርዝ) ምርመራ ውጤት ጠይቆሻል። ሁልጊዜ ላቦራቶሪ መላኩ ስለከበደሽ «ፈጣን መመርመሪያ ስትሪፕ ብገዛ ይበቃኛል ወይ?» ነው የምትይው። እኔ በምግብ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላይ ነው የምሠራው፤ በቆሎና ለውዝ የምንረከበው በዚሁ ስትሪፕ እየፈተሽን ነው። ግዢው ባይ ነኝ። ግን የሚጠቅምሽ መጥፎ እህል ከበር ለመመለስ ነው፤ «የሕፃናት ዱቄቴ ከመርዝ ነፃ ነው» ብለሽ በእሱ ብቻ እንዳትፈርሚ።

መጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ አለብሽ፤ አለበለዚያ ውጤቱን ገልብጠሽ ታነቢዋለሽ። ይቺ ወረቀት ባዮሴንሰር፣ ማለትም በሕያው ነገር ሞለኪውል የምትለይ መመርመሪያ ናት። ታችኛው ጫፏ ላይ አፍላቶክሲንን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ (ፕሮቲን) ከጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። ከእህሉ የወጣው ፈሳሽ ሲነካት ቅንጣቶቹን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። መሃል ላይ ባለችው መስመር ደግሞ አስቀድሞ አፍላቶክሲን ተለጥፎባታል። ናሙናው ንጹሕ ከሆነ አንቲቦዲው የሚይዘው ሳያገኝ እዚያ ይደርስና መስመሯ ላይ ይጣበቃል፤ ደማቅ ቀይ መስመር ይወጣል። ናሙናው መርዝ ካለበት ግን አንቲቦዲው በመንገድ ላይ ተይዞ ያልቃል፤ መስመሯ ትደበዝዛለች ወይም ጭራሽ ትጠፋለች። ከእርግዝና መመርመሪያው በተቃራኒ እዚህ የሚያስደነግጠው የመስመር መጥፋት ነው። ከላይ ያለችው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልወጣች ደግሞ ስትሪፑ ራሱ ተበላሽቷል፤ ጣይውና በሌላ ድገሚ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ስትሪፑ ዓይነት ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው ግን ናሙና አወሳሰዱ ነው። 1 ፒፒቢ ማለት በ1 ቶን እህል ውስጥ 1 ሚሊግራም መርዝ ማለት ነው። እሷም በእህሉ ላይ እኩል አትሰራጭም፤ ጥቂት የተመቱ ፍሬዎች ላይ ተከማችታ ትገኛለች። አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያለ ርብራብ የከረመ በቆሎ መጣልን። ከጆንያው አፍ የወሰድነው ናሙና መስመሩ ቁልጭ አለ። ከዚያው ጆንያ ከታችኛው ጥግ፣ ወለሉን ነክቶ ከነበረው በኩል የወሰድነው ግን መስመሩ የለም፤ የመቆጣጠሪያዋ ብቻ ቀይ ሆና ቀረች። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለነጋዴው አሳየሁት፤ ብዙም አልተከራከረኝም፣ ጭኖ ሄደ። ከአፉ ብቻ ቆንጥረን ቢሆን ኖሮ ያ በቆሎ ወፍጮ ገብቶ ነበር።

ስለዚህ ከላይ አንድ እፍኝ አንስቶ መመርመር ስትሪፕ ማባከን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለትልልቅ የእህል ጭነት ከ100 ቦታ ተቆንጥሮ እስከ 10 ኪሎ ናሙና እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። አንቺ በጥቂት ኩንታል ስለምትሠሪ ያን ያህል አይጠበቅብሽም፤ ግን ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይም ከመሃልም ከታችም ውሰጂ፣ ብዙ ኪሎ ይሁን፣ ሙሉውን አልመሽ ፍጪው፣ በደንብ አደባልቂው፣ ለምርመራው የምትመዝኚውን ከዚያ አንሺ። ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ስትሸጋገሪ ወፍጮውን መጥረግ አትርሺ፤ የቀደመው እህል ብናኝ የሚቀጥለውን ያሳማል።

መርዙን ከዱቄቱ የሚያወጣው ፈሳሽ በብዙ ኪት (የስትሪፑ ሙሉ ጥቅል) ላይ ሜታኖል ወይም ኤታኖል ያለበት ነው። ሜታኖል መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርጊ፣ ምርቱ ካለበት ክፍልም አርቂው። ሰዓት ያዢ፤ መመሪያው 5 ደቂቃ ካለ 5 ደቂቃ ነው፣ ዘግይቶ የተነበበ መስመር አይታመንም። በጠዋት ብርድ ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መጠቀምም ውጤት ያዛባል፤ ስትሪፑ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ።

ምጥኑን ራሱን አትመርምሪ። ስትሪፖቹ የሚፈተኑት ተለይቶ በተጠቀሰ እህል ላይ ነው፤ በቆሎ ከተባለ በቆሎ ነው። የለውዝ ቅባትና የተቆላ ሽምብራ ቀለም ፈሳሹን ስለሚለውጡት ውጤቱን ያሳስቱብሻል። በቆሎውን ለብቻ፣ ለውዙን ለብቻ፣ ሳይቆላና ሳይቀላቀል ፈትሺ። ቆልቼዋለሁ ብለሽም አትዘናጊ፤ አፍላቶክሲን ሙቀት የሚቋቋም ስለሆነ የቤት አቆላል አያጠፋውም።

ስትሪፑ ብቻውን የማይበቃሽ ለምን መሰለሽ? የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ለበቆሎ ያስቀመጠው ጣሪያ በጠቅላላ አፍላቶክሲን 10 ፒፒቢ፣ ቢ1 ለሚባለው ኃይለኛ ዓይነቱ ብቻ 5 ፒፒቢ ነው። አሜሪካ ለሰው ምግብ 20 ትላለች። የአውሮፓ ኅብረት ግን ለሕፃናት የእህል ምግብ ቢ1 ከ0.1 ፒፒቢ እንዳያልፍ ይላል። ገበያ ላይ ያለው ስትሪፕ በአብዛኛው ከጥቂት ፒፒቢ በታች አያይም፤ ስለዚህ ደማቅ መስመር «ምንም የለም» ማለት አይደለም። ለሕፃን ለሚሸጠው ምርት ከተፈጨው ናሙና ከፍለሽ ዕውቅና ወዳለው ላቦራቶሪ ላኪ፤ ለሱፐርማርኬቱም የምታቀርቢው ይህን ውጤት ይሁን። ጥቅሙ ድርብ ነው፤ የስትሪፕሽን ንባብም ታመዛዝኚበታለሽ።

ለጥያቄሽ መልስ ከሰጡት መካከል አንድ ወንድማችን «በአልትራቫዮሌት ባትሪ ብታይው ያበራል» ብሏል። በበቆሎ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን የሚመጣው ሻጋታው ከሚያመነጨው ኮጂክ አሲድ እንጂ ከመርዙ አይደለም። ሳያበራ መርዝ ያለበት፣ አብርቶም የሌለበት እህል አለ። ለልጆች ምግብ በዚህ አትወስኚ።

ይህን ሁሉ የምጨቀጭቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኬንያ ውስጥ በእርጥበት የተቀመጠ የቤት በቆሎ 317 ሰው አሳምሞ 125 ገድሏል። ትንሽ ትንሹ መጠንም ጉበት ላይ ይሠራል፤ ሕፃን ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ብዙ ገንፎ ነው የሚበላው። እህል ስትገዢ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ ከሆነ አትቀበዪ፣ ርብራብ ላይ አስቀምጪ፣ የተሰበረውን፣ የነቀዘውንና ቀለሙ የተለወጠውን በእጅ አስለቅሚ። መልቀሙ ብቻውን መርዙን በጣም ይቀንሰዋል።

ከመግዛትሽ በፊት ሻጩን እነዚህን በጽሑፍ ጠይቂው፦ በየትኛው እህል ላይ ተፈትኗል? ዝቅተኛው የሚያየው መጠን ስንት ነው? ቢ1ን ብቻ ነው ወይስ ጠቅላላውን የሚለካው? በምን ሙቀት ተጓጓዘ፣ መቼስ ያበቃል? ፉሞኒሲን የሚባለው ሌላው የበቆሎ መርዝ የራሱ ስትሪፕ ስላለው እሱንም አብረሽ ዋጋ አስወጪ።