የት ደረሳችሁ?

ልጆቼ፣ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ክረምት ሲገባ ከሚጠዘጥዘኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዓይኔ ገና መጽሐፍ ያነባል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በመንገድ ሥራ ነው። ከዶዘርና ከግሬደር ኋላ አርባ ዓመት አቧራ ስቅም ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ድልድይና ስለ ገረጋንቲ ብትጠይቁኝ ሌሊቱን ሙሉ ባወራኋችሁ ነበር። እናንተ ግን በተገናኘን ቁጥር የምትጠይቁኝ ሌላ ነው፤ «ጋሼ፣ አሁን ምን እያነበቡ ነው?» ትሉኛላችሁ።

ጥያቄውን እወደዋለሁ፤ እፈራዋለሁም። ለምን እንደምፈራው ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ላይ ለጥገና ካምፕ ገብተን ነበር። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ሲመጣ አጠገብህ የቆመውን ሰው ይሰውርብሃል። ማታ ማታ ጀኔሬተሩ እስኪጠፋ ድረስ ቀያሹም፣ ፎርማኑም፣ መካኒኩም፣ ሾፌሩም በአንድ ድንኳን እራት እንበላለን። አንድ ምሽት ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች ነበሩና ጨዋታው ወደ መጻሕፍት ዞረ። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «አንተስ፣ ምን እያነበብክ ነው?» አለኝ።

«አደፍርስን» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

የዳኛቸው ወርቁ መጽሐፍ በ1962 ዓ.ም. ታትሞ በጊዜው አሥር ዓመት አልፎታል። ከባድ ነው ስለሚባል አነበብኩት ማለት እንደ ማዕረግ ይቆጠር ነበር። እኔ ያየሁት ሽፋኑንና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች ብቻ ነው። እንግዳው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀና አለፈ፤ ምናልባት እሱም አላነበበውም። ከጠረጴዛው ጥግ ግን ሾፌራችን፣ ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጥ ሰው፣ እንጀራውን እየጠቀለለ «ኢንጂነር፣ የት ደረሱ?» አለኝ።

«መሃሉ ላይ ነኝ።»

«ወይዘሮ አሰጋሽን እንዴት አገኟት?»

«ቆንጆ ልጅ ናት» አልኩ።

ላላነበባችሁት ልንገራችሁ፤ ወይዘሮ አሰጋሽ የባላባት ዘር፣ ባለ ርስት፣ ሙግት እንደ ምግብ የሚጥማት፣ ሴት ልጇን ለአቅመ ሔዋን ያደረሰች እመቤት ናት። ሾፌራችን አልሳቀም። ቀና ብሎም አላየኝ። «በልጅነቷ ሳትሆን አትቀርም» አለና ጉርሻውን ዋጠ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ጠዋት ላንድሮቨሩ ውስጥ፣ መቀመጫዬ ላይ፣ መጽሐፉ ተቀምጦ አገኘሁት። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተሸፍኗል፤ ጀርባው በመርፌና በክር ተጠግኗል። ገለጥ ሳደርገው ኅዳጉ ላይ እዚህም እዚያም የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ በሞተር ዘይት የታተመ፣ ክብ ክብ መስመሮቹ ሳይቀሩ የሚታዩ። በኋላ እንደገባኝ አሻራው ደመቅ የሚለው ሰውዬው ቆም ብሎ ባሰበባቸው ገጾች ላይ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው እዚያው ደብረ ሲና አካባቢ ነው፤ እሱም የአገሩ ልጅ ነበር። መጽሐፉን ስለማዋሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መሪውን እንደ ጨበጠ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ በየጠዋቱ «የት ደረሱ?» ይለኛል።

እውነቱን የነገርኩት በሦስተኛው ቀን ነው። «አልሄድልኝ አለ። ንግግሩ በዛብኝ፤ ማን እንደሚናገር ይጠፋብኛል» አልኩት።

«እኔም እዚያ ጋ ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ» አለኝ። «ለመረዳት አይታገሉ። ጎረቤት ሲጣላ በግድግዳ እንደሚሰማ ሰው ሆነው ያዳምጡት።»

እንደ ነገረኝ አደረግሁ፤ መጽሐፉም ተከፈተልኝ። ስለ ንባብ ከዚያ የሚበልጥ ምክር ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ያገኘሁት ግን አንብቤያለሁ ያልኩ ዕለት ሳይሆን አቃተኝ ያልኩ ዕለት ነው።

በመንገድ ሥራ «የት ደረሳችሁ?» የዕለት ጥያቄ ነው። «ሥራው በጥሩ ሁኔታ እየተከናወነ ይገኛል» የሚል ሪፖርት ፋይል ከማወፈር በቀር ለማንም አይጠቅምም። «ኪሎ ሜትር 14 ላይ ነን፤ ገረጋንቲ አልቆብናል፤ ወንዙ ሞልቶ ገልባጩ አላልፍ ብሏል» ብሎ የሚጽፍ ፎርማን ግን እርዳታ ያገኛል። አለቃው መኪና ይልክለታል፤ ከሱ በፊት በዚያ ያለፈ ሰው መሻገሪያውን ያሳየዋል። ስለ መጽሐፍ ስናወራ አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ዓይነት ሪፖርት ነው የምናቀርበው። «ግሩም መጽሐፍ ነው፣ ሁላችሁም አንብቡት» እንላለን። እንዲህ የተባለ መጽሐፍ ስንቱን ገዝቼ አቧራ አልብሼዋለሁ!

ስለዚህ የያዛችሁትን መጽሐፍ ለሰው የምታወሩ ከሆነ ሳትጨርሱት አውሩ። ከጨረሳችሁት በኋላ ዳኛ ትሆናላችሁ፤ ፍርድ ትሰጣላችሁ፤ ፍርድ ሲሰጥ ደግሞ ታዳሚው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መሃል ላይ ሳላችሁ ግን «ይህችን ሴት ማመን አልቻልኩም፤ ቀጥሎ ምን ታደርግ ይሆን?» ስትሉ የሚሰማችሁ ሰው አብሯችሁ መገመት ይጀምራል። የእኔ ዘመን ሰው ይህን የሚያውቀው ከሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ፊደል ያልቆጠሩ ባልቴቶች ሳይቀሩ ስለ ጉዱ ካሳ ይከራከሩ ነበር። አንድ ቀን ያመለጠው ሰው በማግስቱ ጎረቤቱን «ትናንት የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ያገናኘው ግን የዚያ ሰው ድምፅና ያች «የት ደረሰ?» የምትል ጥያቄ ናት።

እንግዲህ ምክሩን ለእናንተ ሰጥቼ እኔ ብሸሽ ነውር ነው። አሁን አልጋዬ አጠገብ ሦስት መጻሕፍት አሉ።

የመጀመሪያው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ትዝታ በቴፕ ቀድተው፣ ወደ ጽሑፍ መልሰው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት። ሳነበው ይህ ሁለተኛዬ ነው። የቅኔ ተማሪው ከመምህር ወደ መምህር የሚዞርበት ላይ ደርሻለሁ። በምሽት ከሦስት ገጽ አላልፍም፤ የማላልፈውም ከብዶኝ አይደለም፤ እንዳያልቅብኝ ነው። ሽማግሌው ሲናገሩ ወሬው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወደ ጎን ይወጣል፣ የረሱትን ስም ያስታውሱና እንደገና ይቀጥላሉ፤ ልጃቸው ደግሞ ያንን የአነጋገር ለዛ አላረሙትም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ካላነበብኩት አይጥመኝም። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ግን ስታልፍ ቆም አለችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። አሁን ያለ እሷ መቀጠል ተከልክያለሁ። ከእናንተ መካከል አያት ያለው ሰው ይህን መጽሐፍ ቢያነብ ስልኩን አውጥቶ ድምፅ መቅዳት ሳይጀምር የሚቀር አይመስለኝም።

ሁለተኛው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ተሳፍሮ አውሮፓ የገባ፣ ተምሮ የተመለሰ፣ በኋላም በድሬዳዋ ጉምሩክ የሠራ ሰው ነው። የሞተው በ1911 ዓ.ም. በጎልማሳነቱ ሲሆን መጽሐፉ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ትንሽ መጽሐፍ ናት፤ እኔ ግን ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ የሚያትተው ክፍል ላይ ተገትሬ ቀርቻለሁ። ለኢኮኖሚክስ የሚሆን ቃል በአማርኛ ባልነበረበት ዘመን እየፈለሰፈ ስለሚጽፍ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲነግድ ትርፉ ወደ ዐዋቂው እንደሚያዘነብል ሲያስረዳ ገብቶኛል፤ ደንግጬማለሁ፤ እኔ መንገድ ከተሠራ ሁሉ ይሆናል ብዬ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን አልጨበጥኩትም። ባንክ የሚሠራ አንድ ወጣት ጎረቤቴ መቸገሬን ሰምቶ እሑድ እመጣለሁ ብሎኛል። ዝም ብል ኖሮ አይመጣም ነበር።

ሦስተኛው የልጅ ልጄ ያመጣችልኝ አዲስ ልብ ወለድ ነው። ስሙን አልናገርም፤ ደራሲው ወጣት ነው፣ ገና ይጽፋል። ስድሳ ገጽ ያህል ሄጄ ተውኩት። ሰዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ የሚናገሩ መሰለኝ። ለልጅቱ ይህንኑ ስነግራት አኮረፈች፤ ከዚያ መጽሐፉን ይዛ መጣችና የምትወደውን ቦታ አነበበችልኝ። አልተስማማሁም። እንዲህ ተከራክረን ግን አናውቅም ነበርና ደስ ብሎኝ ዋለ። የያዛችሁትን ሁሉ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ያልጨረሳችሁትን ጨርሼዋለሁ አትበሉ እንጂ። ከኔ በላይ ይህን የሚመክር አታገኙም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የሽማግሌ ነገር ነው ብላችሁ ታልፉኛላችሁ። መጽሐፉን ከቡና ስኒ አጠገብ አስቀምጦ ፎቶ ማንሣቱን አልጠላም፤ ከጭፈራ ቤት ፎቶ ይሻላል። የሚከፋኝ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መበተኑ ነው። መጽሐፍ ማካፈል ይህ የሚመስላቸው ልጆች አጋጥመውኛል፤ አንዱ እንዲያውም ባለውለታ ነኝ ብሎ ሲኩራራ ሰምቻለሁ። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ እንዲህ ጣሪያ በነካበት ዘመን ከኪሱ አውጥቶ ያሳተመን ደራሲ እራት መብላት ነው። ገንዘብ ካጠራችሁ ተዋሱ፤ ለአምስት ሆናችሁ አንዱን ግዙ፤ ወመዘክር ወይም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ አንብቡ።

ማካፈል ከተባለ ነቢይ መኰንን ያደረገውን አስታውሱ። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ረጅም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። ብጣሹ ቀስ በቀስ፣ ተደብቆ ከእስር ቤት ወጣ፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ደህና ወረቀት እስኪገኝ፣ እስኪፈታ፣ ቀን እስኪወጣለት አልጠበቀም። ያን መጽሐፍ ካነሣሁ ሁልጊዜ የማስበው ታሪኩን አይደለም፤ የፓኮ ወረቀት ስፋት ስንት ዐረፍተ ነገር እንደሚይዝ ነው። አንድ ቀን ሱቅ ወርጄ ባዶ ፓኮ ለምኜ ሞከርኩት። በእኔ የእጅ ጽሑፍ ስድስት መስመር ያዘ።

ወደ ሾፌራችን ልመለስ፤ ዕዳ አለብኝና። ካምፑ ሲፈርስ እሱ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወረ። መጽሐፉን ልመልስለት ስል «ሲጨርሱ ይልኩልኛል» አለኝ። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፣ የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ ይባላል፤ ሰው ይስቅበታል እንጂ እኔን አያስቀኝም። ጨረስኩት፤ አልላክሁትም። ዛሬ ነገ ስል ሰውዬው ማረፉን ሰማሁ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ የሲሚንቶ ከረጢቱ ሽፋን አርጅቶ እንደ ቆዳ ለስልሷል።

ባለፈው ወር ለልጅ ልጄ ሰጠኋት። ከማን እንዳገኘሁት አልነገርኳትም። በሳምንቱ ማታ ደወለችና ሰላም ሳትለኝ «አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ክርክራቸው አያልቅም እንዴ? ልተወው ነው» አለችኝ።

«የት ደረስሽ?» አልኳት።

ገጽ ስትገልጥ ይሰማኛል። «ኅዳጉ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ያለበት ጋ» አለች።

«እሱ ጋ ትንሽ ቆዪ» አልኳት።