«ምንም አልተሰማኝም» ላለችኝ ነርስና ለእኩዮቿ

ባለፈው ማክሰኞ ለደም ግፊት ክትትሌ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የለካችኝ ነርስ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ተመላላሽ ክፍል ሰው ጎድሎ ከውስጥ ደዌ ዋርድ ለዚያ ቀን ተልካ ነው የመጣችው። ወሬ ስንጀምር እኔም ነርስ እንደነበርኩ ነገርኳት። መለኪያውን ከክንዴ እየፈታች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ቅዳሜ አዳር ሁለት ሰው ሞተብኝ። ጠዋት አስረክቤ ወጣሁ፣ ፍርፍር በላሁ፣ ተኛሁ። ምንም አልተሰማኝም። ጠንክሬ ነው ወይስ ተበላሽቼ?»

ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። «እግዚአብሔር ያበርታሽ፣ ልጄ» ብያት ወጣሁ። መልሴ ያሳፈረኝ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። የዛሬ 24 ዓመት ሌላ ልጅ ይሄንኑ በሌላ መንገድ ጠይቃኝ ነበር። እሷንም እንዲሁ ነው ያለፍኳት።

1994 ዓ.ም. ነው። በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ሆስፒታል የሕፃናት ዋርድ ኃላፊ ነበርኩ። ያሉን አልጋዎች 28 ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲገባ፣ የሳንባ ምችም ሲጨመርበት አንድ አልጋ ላይ ሁለት ልጅ እናስተኛለን። እናቶች ወለል ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ያድራሉ። አዳር የሚገቡት ሁለት ነርሶች ናቸው። አንዷ ከቀረች አንድ። ስለ እነዚያ አስታማሚ እናቶች አንድ ቀን ለብቻው መጻፍ አለብኝ። ግሉኮስ ሲያልቅ የሚጠሩን እነሱ ናቸው። እናቱ ውኃ ልትቀዳ የወጣችበትን ልጅ የሚያቅፉትም እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ያ ዋርድ አንድ ሌሊት አይነጋለትም ነበር።

ከነርስ ትምህርት ቤት ከወጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ ነበረችን። ስሟን አልጽፍም። የሕፃናቱን ስም ግን ሁሉ ታውቅ ነበር። እኛ «አልጋ 9» ስንል እሷ በስሙ ትጠራዋለች። ሕፃናቱ እሷ መርፌ ስትይዝ እንኳ እንደ እኛ አይፈሯትም።

ጥቅምት ላይ በአንድ አዳር ሦስት ልጆች ሞቱባት። ጓደኛዋ ታማ ቀርታ ስለነበር ብቻዋን ናት ያደረችው። መርዶውን ለሦስቱም እናቶች የነገረችው እሷ ናት።

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ይመካከራል። ማን ይንገራት፣ ማን ይደግፋት ይባላል። ሊነጋጋ ሲል ተሰባስበው ሄደው በር ያንኳኳሉ። ከዚያ ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ሐዘንተኛን ብቻውን የሚተወው የለም። ነርስ ግን መርዶውን በእኩለ ሌሊት፣ ኮሪደር ላይ፣ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ብቻዋን ትናገራለች። ወዲያው ተመልሳ አንሶላ ትቀይራለች፤ አልጋው ለሌላ ልጅ ይፈለጋል። እሷን ማን ያጽናናት? ለነርስ ለቅሶ የሚደርስ የለም። እኔም በሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

ጠዋት ስረከባት ሪፖርቷ አንድም ነገር አልጎደለውም። ሰዓቱ፣ የሰጠችው መድኃኒት፣ የተጠራው ሐኪም፣ ሁሉም ተጽፏል። አስረክባ ስትጨርስ ቢሮዬ ገባች። «ሲስተር፣ ለሁለት ሳምንት ከአዳር ያውጡኝ። ካልሆነ ሌላ ዋርድ ይመድቡኝ» አለችኝ። አላለቀሰችም። የአዳር ፕሮግራሙን አየሁት። የሚተካት ሰው የለም። «ልጄ፣ ሁላችንም አልፈንበታል። ትለምጂዋለሽ» አልኳት። «እሺ» ብላ ወጣች።

እውነትም ለመደችው። አታረፍድም፣ አትከራከርም፣ ካርዷ ሁሌም የተሟላ ነው። ሕፃን ሲሞት አንሶላውን ከማንም ቀድማ ትቀይራለች። አንድ ቀን «አልጋ 9 ትኩሳቱ አልወረደም» ስትለኝ ሰማሁ። «አሁን ገና ነርስ ሆነች» አልኩ በልቤ። የሠራተኛ ስብሰባ ላይ አስነስቼ አመሰገንኳት። «ጥንካሬን ከእሷ ተማሩ» አልኩ። እጇን ወደኋላ አጣምራ ቆመች። ፊቷ ላይ ደስታም ቅያሜም አልነበረም። ያ ፊት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት የመድኃኒት ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ላይ የተቀዳ መርፌ ይዛለች። ለልጁ ሰጥታው ተመልሳ መቅዳቷ ይሁን ገና ልትሰጠው፣ ትዝ አይላትም። አጣራን። አልተሰጠውም ነበር፤ ልጁም ምንም አልሆነ። በሳምንቱ መልቀቂያ አስገባች። እኔም ፈረምኩ። ቁጭ አድርጌ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኳትም።

በ2009 አንድ ሠርግ ላይ ተገናኘን። የልብስ ሱቅ ከፍታለች፣ ልጆች ወልዳለች። አቅፋ ሳመችኝ። ምንም ቂም አልያዘችብኝም፤ ይሄ ነው የበለጠ የሚያመኝ። በጨዋታ መሃል ያን ሌሊት ራሷ አነሳችው። ሦስቱን ሕፃናት በየስማቸው ጠራቻቸው። ማን ከየትኛው ገጠር እንደመጣ ሳይቀር ነገረችኝ። 15 ዓመት ሙሉ ተሸክማቸዋለች። እኔ የዋርዱ ኃላፊ የአንዱንም ስም አላስታውስም ነበር።

ያኔ ለዚህ ነገር ስም ያለው አይመስለኝም ነበር። ለካ ነበረው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ነፃ ክሊኒክ ይሠራ ነበር። በራሱና በባልደረቦቹ ላይ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1974 «በርንአውት» ብሎ ጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲሱ የበሽታዎች ምደባው ውስጥ አስገብቶታል። በሽታ ግን አላለውም። መፍትሔ ሳያገኝ ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ይላል። ሦስት ምልክት ይሰጠዋል። አንደኛው አቅም መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ልብ ከሥራው መራቁ ነው። ሦስተኛው ሥራህ ውጤት እንደሌለው መሰማት ነው።

ይሄን ሳነብ «ከሥራ የሚመጣ» የሚለው ላይ ቆምኩ። እኔ ልጅቷን ነበር ስመረምር የኖርኩት። መመርመር የነበረበት 28 አልጋ በሁለት ነርስ የሚያድርበት ዋርድ ነው። ሁለተኛውን ምልክት ደግሞ ስብሰባ ላይ አስነስቼ አጨበጨብኩለት።

እናም ልጄ፣ አልተበላሸሽም። ጠንክሬአለሁ ብለሽም አትለፊው። አንድ ሌሊት ምንም አለመሰማት ያጋጥማል። ሰውነት ራሱን ይከልላል፣ በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት ስትልጪ ያለቅስሻል። ወር ሲሞላው፣ ሰዎቹ ሁሉ የአልጋ ቁጥር ሲሆኑብሽ፣ አስታማሚ «ሲስተር» ብሎ ሲጠራሽ ደምሽ ሲፈላ ግን ዝም አትበይ። መድኃኒት ሰጥተሽ አለመስጠትሽ ከጠፋሽ ደግሞ የዚያኑ ቀን ተናገሪ።

ብሉ፣ ተኙ የሚለውን አልነግራችሁም፤ ነርሶች ናችሁ። ስትጠይቁ ግን «ደክሞኛል» ብቻ አትበሉ። «ደክሞኛል» ያላለ ሠራተኛ አላየሁም፣ አለቃ ጆሮው ለምዶታል። ስንት ሳምንት፣ ከየትኛው ተራ መውጣት እንደምትፈልጉ ለይታችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ።

የዛሬ ልጆች የማልወድላችሁ ነገር አለ። ዲውቲ ላይ ስልክ ታበዛላችሁ። ትንሽ ነገር ሲገጥማችሁ «ስትረስ በስትረስ ሆንኩ» ትላላችሁ። እኛ እንዲህ አናወራም ነበር፤ ሜትረናችን፣ የነርሶች አለቃችን፣ ጫማችን ነጭ መሆኑን አይታ ነው ወደ ዋርድ የምታስገባን። ግን ያቺ የሕፃናት ዋርዷ ልጅ የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ ብትጠይቀኝ ምናልባት እሰማት ነበር። አሁን ቶሎ አታማርሩ ልበላችሁ ወይስ ደጋግማችሁ አማርሩ? ደጋግማችሁ ተናገሩ። የስልኩን ነገር ግን አልተውላችሁም።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ነገር አስተካክያለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር አዲስ አበባ፣ የሌላ ዋርድ ኃላፊ ነበርኩ። መርዶ ለብቻ መንገር ከለከልኩ። ሁለት ሆነው ይነግራሉ። ከዚያ የነገረችው ልጅ አሥር ደቂቃ ትወጣለች፤ አንሶላውን ሌላ ሰው ይቀይራል። ሰው አልተጨመረልንም፣ ብርም አልወጣበትም። በ1994 ይሄን ማድረግ የሚከለክለኝ አልነበረም። የዋርድ ኃላፊዎች ካነበባችሁኝ ይቺን ውሰዱልኝ።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የዲውቲ ክፍያ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ፣ «በእኛ ጊዜ በሙያ ፍቅር ነበር የሚሠራው» የሚሉ እኩዮቼን ሰማሁ። አልስማማም። የቤት ኪራይ እያሰበች የምታድር ነርስ ለሐዘን የሚተርፍ ልብ የላትም።

እንቅልፍ ከጠፋባችሁ፣ ባልነቃ ኖሮ ማለት ከጀመራችሁ ግን አለቃ አይጠበቅም። ሐኪም ጋ ሂዱ። ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ የሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ጤና ነርሶች አሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን ታውቃላችሁ። የሥራ ባልደረባ ያየኛል ብላችሁ እንደምታፍሩ አውቃለሁ። ሌላ ሆስፒታል ሂዱ። ብቻ ሂዱ።

ትናንት ውስጥ ደዌ ዋርድ ደውዬ ነበር። የኔዋ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ከአዳር ትወጣለች። ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ጋ እጠብቃታለሁ። ቡና በፔርሙዝ፣ ዳቦም ይዤ እሄዳለሁ። የዚያን ሌሊት ሁለት ሰዎች ስም ማን እንደነበር እጠይቃታለሁ።