ሞተርህን ከመክፈትህ በፊት ወረቀቱን እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የራሴን ታሪክ አስታወሰኝ። የ200 ሲሲ ሞተርህ ማንዋል 17 የፈረስ ጉልበት ይላል። ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ስታወጣው 11 ከምናምን ሆነ። መካኒኩ ደግሞ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ እንክፈተው» አለህ። እባክህ ገና አታስከፍተው።

ፋብሪካው 17 የሚለው ክራንኩ ላይ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረው የሞተሩ ዘንግ ላይ የተለካውን ነው። ዳይኖ የሚለካው ግን ከኋላ ጎማ ነው። ማርሹ፣ ካቴናውና ጎማው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበሉበታል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ብትለካውም የምታገኘው ወደ 15 ነው። እኛ ያለነው ደግሞ አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። ከ15 ላይ ሩቡን ቀንስ፤ ያንተው ቁጥር ይመጣል።

ይህ የሚሠራው ቁጥሩ ካልታረመ ነው። ዳይኖው ያወጣው ወረቀት ላይ ኤስኤኢ (SAE) ወይም ኤስቲዲ (STD) የሚል የማረሚያ ስሌት ስም ካለ፣ ማሽኑ ውጤቱን አስልቶ ወደ ባሕር ዳርቻ አየር መልሶታል ማለት ነው። በእኛ ከፍታ ይህ ስሌት 30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ታርሞም 11 ከሆነ መጨነቅህ ልክ ነው።

መካኒኩ በኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ ያለው ግፊት) መለኪያ ለክቶ «ወርዷል» ቢልህም ቶሎ አትመን። ሳሳ ያለ አየር ሲታመቅም ንባቡ ዝቅ ይላል። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ ደግሞ ይለካው። ንባቡ በደንብ ከዘለለ ያኔ ፋሻውን ጠርጥር።

እኔ ይህን የሚነግረኝ አጣሁና ፒስተንና ፋሻ አስቀየርኩ። ብዙ ብር ወጣ። ዳይኖው ላይ ግማሽ የፈረስ ጉልበት እንኳ አልጨመረም። ችግሩ የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ነበር። ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ነበር፣ ያኔ ልብ አላልኩትም። ካርብሬተሬ የተስተካከለው ለቆላ አየር ስለሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ማርሚታው ውስጥ የገባው መለኪያ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 11.4 ኪሎ አየር አሳየ። ለጉልበት ጥሩው 13 አካባቢ ነው። ዋናውን ጅግለር (ካርብሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ሁለት ቁጥር አነስ ባለ ቀየርነው፤ ዳይኖው ላይ ከ10.3 ወደ 11.5 የፈረስ ጉልበት ወጣ። የጅግለሩ ዋጋ ከፒስተኑ ጋር አይወዳደርም። ግን ርካሽ ነው ብለህ አትናቀው። ወደ አዋሽ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ፒስተኑ ይግላል። ለቆላ ጉዞ የድሮውን መልሰህ ግጠም። ሞተርህ በካርብሬተር ፈንታ ኢንጀክሽን (ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ) ከሆነ ይህን አብዛኛውን ሴንሰሩ ራሱ ይሠራዋል።

ሌላው፣ የጉልበቱን ጫፍ ቁጥር ብቻ አትይ። ከለገሀር በቸርችል ወደ ፒያሳ ሰው ጭነህ ስትወጣ ሞተርህ በደቂቃ 5,000 ዙር አካባቢ ነው። ጫፉ ያለው 8,500 ላይ ነው፤ እዚያ በቀን ስንቴ ትደርሳለህ? ወረቀቱ ላይ የቶርኩን (የማዞር ኃይሉን) መስመር ከ4,000 እስከ 6,000 ዙር ተከተለው። እዚያ ጎድጎድ ካለ መኪና መሀል ስትነሳ የሚሰማህ ድክመት እሱ ነው። ስታስተካክል ደግሞ በፊትና በኋላ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ የጎማ ንፋስ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሦስት ሦስት ጊዜ አስለካ። የጎማ ንፋስ ብቻ ቁጥሩን ሲቀይረው አይቻለሁ።

የወረቀቱንና የካንዴላውን ፎቶ ለጥፍልን፤ ካርብሬተር ይሁን ኢንጀክሽንም ንገረን።