ሕመሙ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ላልለቀቀው የአዳማ በያጅ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜህ 26 እንደሆነ፣ በብረታ ብረት ሥራ በደረጃ 3 ተመርቀህ አዳማ ውስጥ በር፣ መስኮትና ደረጃ በሚሠራ ድርጅት በበያጅነት ሦስተኛ ዓመትህን እንደያዝክ፣ በግራ የዘር ፍሬህ በኩል ለነበረብህ የደም ሥር ማበጥ፣ ሐኪሞች ቫሪኮሴል ለሚሉት፣ ባለፈው ጥቅምት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገልህ፣ ሰባት ወር ካለፈ በኋላም ቀኑ በገፋ ቁጥር ከብሽሽትህ ወደ ታች የሚወርድ ሕመም እንዳልለቀቀህ ጽፈህልኛል። ከአንተና ከሐኪሙ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፤ ለአሠሪህም ለቤተሰብህም "ኩላሊቴን ነው" ብለሃል። አሠሪህ ሰነፍ እንደሆንክ ማሰብ ጀምሯል፤ አጎትህ ብየዳውን ትተህ ባጃጅ እንድትነዳ ገንዘብ ላበድርህ ይልሃል፤ አንተ ደግሞ ከሙያው ወጥተህ አካውንቲንግ ለመማር አስበሃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ነው የጠየቅኸኝ።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ "ኩላሊቴን ነው" ልናገር፤ ከደብዳቤህ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና። በሃያዎቹ ዕድሜዬ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ስሠራ ቡአ ወጥቶብኝ ነበር። ቦታው የሚነገር ስላልመሰለኝ ለሁለት ዓመት ያህል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ከባድ ሳንቃ ከመኪና በሚወርድበት ሰዓት ሰበብ ፈልጌ እሰወር ነበር። ባልደረቦቼ "ሥራ ሲያይ የሚጠፋ" የሚል ስም አወጡልኝ፤ በመጨረሻ ስሰናበት በእጄ አንዲት የሐኪም ወረቀት እንኳ አልነበረችኝም። ቡአው በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ተስተካከለ፤ ስሙ ግን ወደሚቀጥለው ሥራ ቤት ቀድሞኝ ደረሰ። አንተም አሁን እየሄድክ ያለኸው በዚያው መንገድ ላይ ነው።

የሚገርመው፣ ውሸትህ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ከግራው የዘር ፍሬ ደም የሚመልሰው ሥር ሽቅብ ተጉዞ የሚገባው በቀጥታ የግራውን ኩላሊት ወደሚያገለግለው ደም መላሽ ሥር ሲሆን፣ የሚገናኙትም አንተ በስኳድራ የምትለካው ዘጠና ዲግሪ በሚመስል አንግል ነው። የቀኙ ግን አጠር ባለ መንገድ በሰያፍ ወደ ትልቁ የሆድ ደም መላሽ ሥር ይገባል። በሽታው በአብዛኛው በግራ በኩል የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው። ሲቆሙ ደሙ ወደ ታች ይከማቻል፤ እስትንፋስን ይዞ ከባድ ነገር ማንሳት በሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት ጨምሮ ያንኑ ያባብሰዋል፤ ሲተኙ ይቀላል። ከመቶ ወንዶች 15 ያህሉ ይህ የደም ሥር ማበጥ አለባቸው፤ ብዙዎቹም ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። በእናንተ ሥራ ቤት አሥራ አምስት ወንዶች ቢኖሩ ምናልባት ሁለቱ የአንተው ጓደኞች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ የሚያሳፍር ብርቅ ነገር ይዘህ እየዞርክ እንደሆነ አታስብ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም ስለ ሥራህ ስታስብ የምትጀምርበት ቦታ ሐኪም ቤት መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቀዶ ሕክምናው የአብዛኞቹን ሰዎች ሕመም ያስታግሳል፤ የጥቂቶቹን ግን አያስታግስም፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት አይደለም። በቀዶ ሕክምናው የታሰሩት ሥሮች ተመልሰው ወይም ሌሎች በአጠገባቸው አብጠው ሊሆን ይችላል፤ በዘር ፍሬው ዙሪያ ውሃ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በብሽሽት የሚያልፍ ነርቭ በጠባሳው ተይዞ ወይም ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም ሕመሙ ከመጀመሪያውም የመጣው ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከወገብ፣ ከቡአ ወይም በእርግጥም ከኩላሊት ጠጠር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በምርመራና የደም ፍሰትን በሚያሳይ ዶፕለር አልትራሳውንድ መለየት ይቻላል፤ ለነርቭ ሕመም ደግሞ ከተለመደው ማስታገሻ የተለዩ መድኃኒቶችና ቦታውን የሚያደነዝዝ መርፌ አሉ። አንተ ግን ስፌቱ ከተፈታ ወዲህ ወደ ሐኪሙ አልተመለስክም፤ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዛህ በየቀኑ ትውጣለህ። ይህ መድኃኒት ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት ሲወሰድ ጨጓራንም ኩላሊትንም ይጎዳል፤ የፈጠርከውን በሽታ እውነተኛ እንዳታደርገው።

መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናውን ወዳደረገልህ ሐኪም ተመለስ፤ እሱ ካልረዳህ ወደ ዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ የመራቢያ አካል) ስፔሻሊስት እንዲልክህ ጠይቀው፤ አዲስ አበባ ሂድ ቢልህም በፈጣን መንገዱ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ከመሄድህ በፊት ለሁለት ሳምንት በደብተር መዝግብ፦ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ያን ጊዜ ቆመህ፣ ቁጢጥ ብለህ ወይም ተሸክመህ እንደነበር፣ ከአሥር ስንት እንደምትሰጠው፣ ስትተኛ በምን ያህል ጊዜ እንደቀለለ። ይህ መዝገብ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል፤ ለእኔ የሥራ ምክር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የማትችለው ብየዳን ነው ወይስ ብየዳ የሚሠራበትን አኳኋን ነው የሚለውን የሚመልሰው እሱ ነውና። ከደብዳቤህ እንደተረዳሁት ጠረጴዛ ላይ በር ስትበይድ እስከ ምሳ ሰዓት ደህና ነህ፤ የሚጥልህ የ6 ሜትር የብረት ቱቦላሬ መሸከሙና መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ መዋሉ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የሙያው ዋና ክፍል አይደሉም።

ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርብ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ወረቀትም ጠይቅ። ወረቀቱ የሰውነትህን ክፍል ስም መጥራት የለበትም። "በቀዶ ሕክምና ክትትል ላይ ያለ፣ ለዚህን ያህል ወር ከዚህን ያህል ኪሎ በላይ እንዳያነሳ፣ ሳያርፍ ከዚህን ያህል ሰዓት በላይ እንዳይቆም" ቢል ይበቃል፤ ቁጥሮቹን የሚሞላው እሱ ነው። ለአሠሪህም ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ እንዳለብህ አድርገህ አትቅረብ። "ባለፈው ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፣ እስኪሻለኝ ከባድ እንዳላነሳ ታዝዣለሁ፣ በጠረጴዛ ላይ ያለውን ሥራ ሁሉ እሠራለሁ" ማለት ውሸት የለበትም፤ ገመናንም አያወጣም። ሰነፍ የሚባለው ምን እንደሚችል ያልተናገረ ሰው ነው፤ ልኩን በወረቀት ያሳወቀ ሠራተኛ ግን ፎርማኑ ሥራ ሲደለድል የት እንደሚያስቀምጠው ያውቃል።

ዝምታህ እስካሁን ያስከፈለህንም ልቁጠርልህ። ለቀዶ ሕክምናው ከዓመት ፈቃድህ 12 ቀን ወስደሃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ጭማሪው በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ብቻ በመሆኑ የዓመቱን ዕረፍትህን ከሞላ ጎደል ለሕመም ሰጥተኸዋል ማለት ነው። በዚያው አዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት መሥራት ካልቻለ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። የሚጠየቀው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ነው። አንተ ሁለቱንም አላደረግክም፤ ስለዚህ መብቱ አለህ፣ ግን አልተጠቀምክበትም።

ወደ አጎትህ ባጃጅ ልምጣ። አጎትህ ደግ ሰው እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ኩላሊቱን ለታመመ ልጅ ነው መፍትሔ ያመጡት። ብሽሽቱን ለሚያመው ሰው ከንጋት እስከ ምሽት በአዳማ ሙቀት በኮብልስቶን ላይ እየተነቀነቁ መቀመጥ ከብየዳ የሚሻልበት ምክንያት አይታየኝም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ብድር አለበት። የቀን ገቢ የሚጠብቅ ዕዳ ያለበት ሰው በታመመበት ቀን ማረፍ አይችልም፤ አሁን ግን ቢያንስ ሕግ የሚያስከብርልህ ዕረፍት አለህ። ምርመራህ እስኪያልቅ ድረስ በአክብሮት "ይቆየኝ" በላቸው።

አካውንቲንግ መጥፎ ሙያ አይደለም፤ ነገር ግን በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ሂሳብ መዝገብ አንድም የምትወደው ነገር አልጻፍክም፤ የጻፍከው ወንበር እንዳለው ብቻ ነው። በሌላ በኩል ፎርማኑ የደረጃ አንግል ሲጠመምበት አንተን እንደሚጠራህ፣ የአንተ ልክ እንደማይስት በአንድ መስመር ጽፈህ አልፈሃል። እኔ የቆምኩት እዚያ መስመር ላይ ነው። በብረት ሥራ ቤት ውስጥ ቦታው ሄዶ የሚለካ፣ ሥዕሉን የሚያወጣ፣ ስንት ቱቦላሬና ስንት ላሜራ እንደሚፈጅ ቆጥሮ ፕሮፎርማ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል፤ በብዙ ሥራ ቤት ይህን ባለቤቱ ራሱ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ እያሰላ ይከስራል። ሥዕል በኮምፒውተር የሚወጣበትን ኦቶካድ በማታ ተምረህ፣ ለደረጃ 4 ተመዝግበህ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲውን) ብታልፍ፣ ሦስት ዓመት የበየድክባቸው እጆችህ ማንም የቢሮ ሰው የማያውቀውን ይነግሩሃል፦ የትኛው ብረት ሲሞቅ እንደሚጠምም፣ የትኛው ሥራ በወረቀት ቀላል መስሎ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ። ከሳንቃ ተሸካሚነት ወደ ዋጋ አውጪነት የተዛወርኩት እኔም በዚህ በር ነውና፣ በሩ ከሌሎቹ የሰፋ መስሎ ቢታየኝ አትፍረድብኝ። ቢሆንም ሕመምህ ሙሉ በሙሉ ቢድን እንኳ የሚከስርብህ ነገር የሌለበት ምርጫ ይህ ብቻ ነው።

ገንዘብ የለኝም ትላለህ። ከ9,000 ብር ደመወዝህ 4,000 ብሩ በየወሩ ለታናሽ ወንድምህ የግል ኮሌጅ ይከፈላል። ይህን በግልጽ ልናገር፦ ጤነኛው የ20 ዓመት ወጣት በግል ኮሌጅ እንዲማር የታመመው አልትራሳውንድ መነሳት የማይችልበት ቤት፣ ሸክሙን በተሳሳተ ትከሻ ላይ ነው የጫነው። ወንድምህ በመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መማር ይችላል፤ ወይም ለአንድ ሴሚስተር ሠርቶ ለራሱ ይክፈል። እናትህ ይህን ሲሰሙ ሊከፋቸው ይችላል። ሆኖም እሳቸው በየጠዋቱ ለኩላሊትህ ብለው የገብስ ውሃ የሚያፈሉልህ ስለሚወዱህ ነው፤ እውነቱን ቢያውቁ የሚያደርጉት ሌላ ነገር እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ለእሳቸው መናገር ከከበደህ ለአጎትህ ንገራቸው፤ ወንድ ለወንድ ይቀላል።

ወደ አረብ አገር ሄዶ መበየድን ለአሁኑ እርሳው፤ ሙቀቱም የሥራ ሰዓቱም ይብሳል። መውለድ እችል ይሆን ላልከው፣ ሕመሙ መኖሩ ብቻ መካንነትን አያሳይም፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሰባት ወር ስላለፈ የዘር ፈሳሽ ምርመራ እንዲያዝልህ በዚያው ቀጠሮ ጠይቅ። ሕመሙ ድንገት ቢበረታ፣ የዘር ፍሬህ ቢያብጥ ወይም ትኩሳት ቢይዝህ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

የሐኪሙ ወረቀት በእጅህ ሲገባ ለአሠሪህ የምትሰጠውን ደብዳቤ ጽፈህ፣ ከመስጠትህ በፊት ለእኔ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን። "ኩላሊት" የሚለው ቃል ብቻ እንዳይኖርበት።