መልስ፦ ውሻዬን ጥሬ ሥጋ ላስለምደው?

«የአስር ወር ውሻዬን ከቤት ትርፍራፊ አላቅቄ ጥሬ ሥጋ ላስለምደው፤ በምን ልጀምር?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ በአንዴ አትቀይርበት፤ ያስቀምጠዋል። ከለመደው ምግብ ሩቡን ብቻ ቀንሰህ ስብ ባልበዛበት የበሬ ሥጋ ተካ። ሰገራውን እያየህ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምር፤ ከቀጠነ መልሰህ ቀንስ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን የታረደ እንስሳ ሳንባና ጉበት ነው። በግ ሲታረድ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይተህ አታውቅም? ውሻ እሱን በጥሬው ከበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል በሰገራው ይወጣና ውሻውን የሚዳብሱ ልጆች እጅ ላይ ይደርሳል፤ ያው ከረጢት ሰው ጉበት ላይም ያድጋል። እኛ ቤት በየበዓሉ ሳንባው ገና ትኩሱን ለውሻው ይወረወር ነበር። ዛሬ ግማሽ ሰዓት ሳይፈላ አይቀምሳትም።

ሥጋ ብቻውን ደግሞ በቂ ካልሲየም የለውም፤ ያንተው ገና እያደገ ስለሆነ ምን እንደሚጨመርለት የእንስሳት ሐኪም ጠይቅ፤ በዚያው ይህን ትል የሚገድለውን የፕራዚኳንቴል ክኒንም ያዝለት። የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን በጭራሽ! ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ፣ እኔ ብሆን ሥጋውንም ቀቅዬ ነው የምሰጠው።