የጥጃዋ አባት ማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ደወለልኝ። ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ አካባቢ ስድስት ላም ይዞ የወተት ሥራ ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ላሞቼን እንደ ውጭ አገሩ በዘር ማኅበር ማስመዝገብ ፈልጌ ነበር። ንጹህ የሆልስታይን ዝርያ ናቸው። የት ልሂድ?»

«ንጹህ መሆናቸውን በምን አወቅህ?»

«ነጋዴው ነግሮኛል። ደግሞ ቢያዩአቸው ጥቁርና ነጭ ቡሬ ናቸው።»

ሳቅሁበት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንዲት እናት ላይ ልክ እንደዚሁ ስቄ ነበር።

መጀመሪያ ለጥያቄው መልስ ልስጥና ወደ ራሴ ጉድ እመለሳለሁ። የዘር ማኅበር ላምን በመልኳ ብቻ ንጹህ ብሎ አይመዘግብም። የሚመዘግባት በአባቷና በእናቷ ነው። ቡሬ መሆኗ ምንም አያረጋግጥም፤ ቀይና ነጭ ሆልስታይንም አለ። እንግሊዞች የሾርትሆርን ከብቶችን የዘር መዝገብ ያወጡት በ1822 እ.ኤ.አ. ነው። ጎረቤታችን ኬንያም ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝገብ አላት። ወላጆቿ የማይታወቁ ላም እዚያ በሩ አይዘጋባትም፤ ከታችኛው እርከን ትጀምራለች። ከዚያ በየትውልዱ በተመዘገበ ንጹህ ኮርማ ከተዳቀሉ ልጆቿ አንድ አንድ ደረጃ ይወጣሉ። የቦረና ላም ከንጹህ ሆልስታይን የወለደቻት ጊደር 50 ከመቶ ሆልስታይን ናት። የእሷ ልጅ 75፣ የልጅ ልጇ 87.5፣ ቀጥላ የምትመጣው 93.75። ብዙ ማኅበራት «ንጹህ» የሚለውን ስም የሚሰጡት እዚህ አካባቢ ሲደረስ ነው። ለአንዱ እርከን ሦስት ዓመት ያህል ቁጠሩ። የኔ ወጣት ታዲያ የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ቅዳሜ ገበያ ገዛሁ ነው የሚለው።

አሁን ወደ ጉዴ።

በሰው ሠራሽ ማዳቀል ቃሊቲ ሠልጥኜ የወጣሁት ገና ጢሜ ሳያብብ ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ተመደብኩ። የቀበሌውን ስም ልተወው። ሞተር ሳይክል ተሰጠኝ፤ ከኋላዬ ታንክ ታስሯል። ታንኩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። የኮርማው ዘር እዚያ ውስጥ ስትሮው በሚባሉ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ይቀመጣል። ታንኩን ስከፍት ጭሱ ቡልቅ ሲል የሰፈሩ ልጆች ይሸሹ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ነጭ ካፖርት ለብሼ በዚያ ዳገት ስወርድ ሐኪም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ይሆናል። የሞተሩን መሪ የያዙት ጣቶቼ ደርቀው ጓንት ማጥለቅ ያቅተኝ ነበር።

እዚያ አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል። አንዲት ቀይ የሀበሻ ላምና ከእሷ የተወለደች ድቅል ጊደር አላቸው። ላም አዳቅዬ ስጨርስ ባዶውን ስትሮው ቤቱ ደጅ እጥለዋለሁ። እሳቸው ያነሱታል። አንድ ቀን በረቱ ውስጥ ግድግዳውን አየሁት። በጭቃው ላይ ስትሮዎቹ ተሰክተዋል፤ ከእያንዳንዷ ላም መቆሚያ በላይ የእሷ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«የጥጆቹ አባቶች ናቸዋ።»

ማንበብ አይችሉም። የትኛው ስትሮው የማን ጥጃ አባት እንደሆነ ግን አንድ በአንድ ነገሩኝ። እስቲ አስቡት። ስትሮው ላይ የኮርማው መለያ ቁጥርና ዝርያው ታትሟል። ሴትዮዋ ሳያውቁት የዘር መዝገብ ግድግዳ ላይ ሰክተዋል። እኔ የተማርኩት ምን አልኩ? ከት ብዬ ስቄ «እማማ፣ ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ያቃጥሉት። መዝገቡ እኛ ቢሮ አለ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ስሄድ ግድግዳው ላይ ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። የመንግሥት ሰው ተናግሮ እንዴት እምቢ ይላሉ?

የቢሮው መዝገብ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። የኮርማው ቁጥር የሚጻፍባቸው የማዳቀል ካርዶች በጆንያ ይቀመጡ ነበር። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ከዚያ ቢሮው ሌላ ቤት ገባ። ጆንያው የት እንደቀረ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ገዢ መጣ። አባታቸው የሚታወቅ ጊደሮች ይፈልጋል፤ ካርድ ላላት ጨምሮ ይከፍላል። እማማ ለአንዲት ጊደራቸው ካርድ ፈልገው ልጃቸውን ላኩብኝ። ልጁ በባዶ እግሩ እየሮጠ ነው የመጣው። ሳጥኑን ገለበጥኩ፣ መደርደሪያውን በረበርኩ። የለም። ባዶ ካርድ ግን አለ። በዚያ ዓመት ከማዕከል በብዛት ይላክልን የነበረው የአንድ ኮርማ ቁጥር በቃሌ ነበር። እሱን ጻፍኩና ፈረምኩ። ማኅተምም መታሁበት።

እማማ በገንዘቡ ጣሪያቸውን ቆርቆሮ አለበሱ። መረቁኝ። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ አንዱ ያ ምርቃት ነው።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጊደሯ አደገችና ኮርማ ፈለገች። ገዢው ጠራኝ። በታንኬ ውስጥ የአንድ ኮርማ ዘር ብቻ ነው ያለው፤ ካርዱ ላይ ከጻፍኩት ሌላ። በወረቀቱ ብንሄድ ምንም ችግር የለም። ወረቀቱ ውሸት መሆኑን የማውቀው ግን እኔ ነኝ። የያዝኩት ኮርማ እውነተኛ አባቷ ቢሆንስ? አባትና ልጅ ከተዳቀሉ የሚወለደው ጥጃ በአማካይ ከዘር ቦታዎቹ በሩቡ ላይ፣ ከእናቱም ከአባቱም ያንኑ አንድ ዘር ደግሞ ይወርሳል። ተደብቆ የኖረ ጉድለት የሚወጣው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። «ዛሬ ይቅር፣ ሌላ ዘር ይዤ ልምጣ» ማለት እችል ነበር። ለምን ብሎ ቢጠይቀኝስ? ጓንቴን አጠለቅኩ።

ጥጃው ሲወለድ ቀጭን ነበር፣ ለመቆም አቃተው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ብርድ ሊሆን ይችላል። እንገር በወቅቱ አላገኘ ይሆናል። ጥጃ በስንት ምክንያት ይሞታል! ገዢው «የእግዜር ነገር» ብሎ ቡና አስፈላልኝ። ጠጣሁ።

ለዚህ ነው ልጆቼ መዝገብ መዝገብ የምለው። ጠዋት ድራት (ላሟ ኮርማ መፈለጓን) ካየህ ማታ አስዳቅል የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስለ ፉርሽካና ስለ ፋጉሎም እኔን አትጠብቁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የተዳቀለችበትን ቀንና የወለደችበትን ቀን አስተያዩ። ላም የምትወልደው በ280 ቀን ገደማ ነው። ሦስት ሳምንት አሳልፋ ከወለደች የስትሮው ዘር አልያዘም፤ በ21 ቀን ተመልሳ ኮርማ ስትፈልግ ሌላ ነገር ተፈጥሯል። የጎረቤት ወይፈን አጥር ዘሎ ይሆናል። እንዲህ ያለችውን ጥጃ በስትሮው አባት ስም አትመዝግቡ።

የዛሬ ልጆች ግን ትገርሙኛላችሁ። ላሟን ቲክቶክ ላይ ታስጨፍራላችሁ፣ የእናቷን ቁጥር ስትጠየቁ ዝም ነው። ስልክ ላይ የተያዘ መዝገብ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል፣ ደብተር ያዙ እላለሁ። ይህን ስል ልጄ ትስቃለች። የእሷ መዝገብ ስልኳ ላይ ነው፣ የጥጃው ፎቶ ሳይቀር አለው። የእኔን ደብተር ደግሞ አምና አይጥ በላው።

ንጹህ ዘር ንጹህ ዘር እያላችሁም አትበዱ። ለአብዛኛው ሰው ግማሽ ደም ወይም 62.5 ከመቶ በቂ ነው። ላሟ በሽታውንም የመኖ እጥረቱንም ትችላለች። እኔ ራሴ ጓሮዬ ውስጥ 87.5 ናት የምላት አንዲት ላም አለችኝ። ከልጆቼ እኩል ትታከማለች። እንግዲህ ምን ታደርጉኛላችሁ፣ ስትታለብ ማየት ደስ ይላል።

ዛሬ ከጅራት ፀጉር የዘር ምርመራ ይሠራል፣ ውጭ አገር ያሉ ማኅበራት ወላጅን የሚያረጋግጡት በዚያ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን የተጠረጠረው አባት ናሙና ከሌለ ከማን ጋር ታመሳክሩታላችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያ ልጅ በረት ሄድኩ። ንጹህ በረት ነው፣ ደስ አለኝ። ድርቆሹ ቆጥ ላይ ተከምሯል። ላሞቹም ደህና ናቸው። አንዷ ጊደር ጆሮዋ ላይ የመለያ ቀዳዳ አላት። መለያው ግን የለም።

«ነጋዴው ነው የነቀለው?»

«እኔ ስገዛት እንዲሁ ነበረች።»

«ደውልለት።»

ደወለ። አይነሳም። ደግሞ ደወለ። እኔ ቀዳዳውን አየሁ፣ የእማማ ግድግዳ ትዝ አለኝ።

ደብተር አምጣ አልኩት። ከልጁ የትምህርት ቤት ደብተር ሦስት ገጽ ገንጥሎ መጣ። በገጹ ራስ ላይ ቁጥር አንድ ብሎ ጊደሯን ጻፈ። መልኳን ጻፈ። የገዛበትን ቀን ጻፈ። «አባት» የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሆልስታይን ልበል?»

«አይታወቅም በል» አልኩት።

እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጻፈው።