ዘር፣ ፍሬ ወይስ ጥሬ?

ጥያቄ፦ ጎልድፊንች ስለምትባል ትንሽ የሰሜን አሜሪካ ወፍ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ምግቧን «ዘር» ልበለው፣ «ፍሬ» ወይስ «ጥሬ»? ደግሞስ ትለቅመዋለች ወይስ ትፈለፍለዋለች?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ያሰኘኛል፤ ቃላቱ ጎረቤታሞች ይሁኑ እንጂ አንድ ቤት አይኖሩም።

«ጥሬ» ያልተፈጨና ያልበሰለ እህል ነው፤ ለዶሮ የሚበተነው ጥሬ ነው። ጎልድፊንች የምትወደው ግን ማንም ያልዘራውንና ያልወቃውን የኮሸሽላ ዘር ስለሆነ ቃሉን ይተዉት። «ፍሬ» ከ«አፈራ» ጋር የተዛመደ ነው፤ የስንዴ ቅንጣትም በለስም ፍሬ ነው። «ፍሬ በል ወፍ» ቢሉ አንባቢ በለስ ስትቦጭቅ ያያታል። «ዘር» ግን ከ«ዘራ» ጋር ይሄዳል፤ መሬት ቢያገኝ የሚበቅለው እሱ ነው። ስለዚህ «ሥጋ በል» እንደምንለው «ዘር በል» ይበሏት። ቃሉ የትውልድ ሐረግንም ስለሚጠራ የሚያመነቱ አሉ፤ እኔ አላመነታም፤ ዐውዱ ይለየዋል።

ግሡን ለመምረጥ ወፊቱን ቀርቦ ማየት ይበጃል። የኮሸሽላው ራስ ላይ ተንጠልጥላ በሾጣጣ ምንቃሯ ዘሩን አንድ በአንድ ታወጣለች፤ ይህ መልቀም ነው። ከዚያ ቅንጣቷን በምንቃሯ ጠርዝ ይዛ፣ በምላሷ እያገላበጠች ልባሷን ትሰነጥቃለች፤ ይህ መፈልፈል ነው። ገለባው ይረግፋል፣ ውስጡ ይዋጣል። «ፍሬ» የሚለው ቃል ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ አማርኛ ፍሬን ከገለባ ጋር አጣምሮ መጥራት ይወዳል። እንግዲህ፦ ዘሩን ትለቅማለች፣ ትፈለፍላለች፣ ፍሬውን ትውጣለች።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እንቁላልም ይፈለፈላልና «ትፈለፍላለች» ብለው ብቻውን አይተዉት፤ ምን እንደምትፈለፍል ይናገሩ። ይህች ወፍ ሁለቱንም ሥራ የምትሠራው በአንድ ወቅት ነው፤ ሌሎች ወፎች ጫጩት ሲያሳድጉ እሷ ገና ትጠብቃለች። ጎጆዋን የምትሠራው በአብዛኛው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ኮሸሽላው ዘር ሲይዝ ነው፤ ዘሩ ላይ ያለውን ጥጥ መሰል ነገር ለጎጆዋ ታነጥፋለች። እንቁላሎቿን ከ12 እስከ 14 ቀን ትታቀፋለች።

ለጫጩቶቹ ደግሞ «ታጎርሳለች» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የዋጠችውን ዘር መልሳ በአፋቸው ታደርግላቸዋለችና። ብዙ ዘር በል ወፎች፣ ድንቢጥም ጭምር፣ ለጫጩቶቻቸው ነፍሳት ይለቅማሉ። ጎልድፊንች ግን የምታጎርሰው ከሞላ ጎደል ዘር ብቻ ነው። ካውበርድ የምትባለው ወፍ እንቁላሏን ሌሎች ወፎች ጎጆ ውስጥ ትጥላለች፤ በጎልድፊንች ጎጆ የተፈለፈለ የካውበርድ ጫጩት ግን በዘር ብቻ ማደግ ስለማይችል ከሦስት ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም። ለድንቢጥ «ዘር በል» ሲጽፉ «በአብዛኛው» የሚል ቃል ይጨምሩበት፤ ለጎልድፊንች ግን አያስፈልግም።